«ቱ» የማን ናት? ፍሬዛል ቨርብ ከኢንፊኒቲቭና ከፕሪፖዚሽን ጋር ሲገናኝ

ስልክ የሚነካካ ሰው እነዚህን ሁለት አባባሎች ሳያይ አይቀርም። አንዱ «ሎግ ኢን ቱ ኮንቲኒው» ይላል። ሌላው «ሎግ ኢን ቱ ዩር አካውንት»። ሁለቱም ላይ «ሎግ ኢን ቱ» አለ። ቃላቱም ቅደም ተከተላቸውም አንድ ነው። ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። የመጀመሪያው «ለመቀጠል ግባ» ማለት ነው፤ «ቱ» ከሚከተላት ግስ ጋር ናት። ሁለተኛው «ወደ አካውንትህ ግባ» ነው፤ እዚህ «ቱ» ተራ ፕሪፖዚሽን ናት፣ የኛ «ወደ»።

እንግሊዝኛ ስንማር ፍሬዛል ቨርቦችን በዝርዝር እንሸመድዳለን። «ጊቭ አፕ» መተው፣ «ፑት ኦፍ» ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ፣ «ፒክ አፕ» ማንሳት እያልን ደብተር እንሞላለን። ትርጉሙ ይያዛል። ችግሩ የሚመጣው ሌላ ግስ ልናስከትል ስንል ነው። «ቱ» ትግባ ወይስ «ኢንግ» ይለጠፍ? ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ጆሮውን ይጠይቃል። ጆሮ ደግሞ ያልሰማውን ከየት ያመጣል?

በኔ እይታ ከረጅም ዝርዝር ይልቅ አንድ ጥያቄ ይበልጥ ይጠቅማል። ትንሿ ቃል የማን ናት? ቀድሟት የመጣው ግስ ናት ወይስ የሚከተላት?

መጀመሪያ ግሱን ራሱን እንየው። ፍሬዛል ቨርብ የሚባለው አንድ ተራ ግስ ከትንሽ ቃል ጋር ተጣምሮ አዲስ ትርጉም ሲሰጥ ነው። «ጊቭ» መስጠት ነው፣ «አፕ» ወደ ላይ ነው፤ «ጊቭ አፕ» ግን ወደ ላይ መስጠት አይደለም። ተስፋ መቁረጥ ነው፣ መተው ነው፣ እጅ መስጠት ነው። ነገሩ አዲስ ቅሬታ አይደለም። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት መግቢያ ላይ፣ ግስን ከትንሽ ቃል ጋር ማጣመር ለውጭ አገር ሰው ትልቁ ፈተና እንደሆነ ጽፎ ነበር። ስያሜው ግን ብዙ ቆይቶ ነው የመጣው። «ፍሬዛል ቨርብ» የሚለውን መጠሪያ ጸሐፊው ሎጋን ፒርሳል ስሚዝ በ1925 አሳተመው፤ ቃሉን የሰጠው የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ የነበረው ሄንሪ ብራድሊ እንደሆነም ገልጿል። ስም ሳይወጣለት ስንት ዘመን ሰው ሲያስቸግር ኖሯል ማለት ነው።

አማርኛ ተናጋሪ ግን ለዚህ ዓይነቱ ነገር እንግዳ አይደለም። «ቁጭ አለ» ስንል ሰውየው ምንም አላለም፤ ተቀመጠ እንጂ። «ብድግ አለ»ም፣ «ዘወር አለ»ም እንደዚያው። «ዝም አለ» እንደውም ይብሳል፤ «አለ» ብለን አለመናገርን እንገልጽበታለን። እንግሊዝኛ «ኢት አፕ» ሲል «አፕ» ወደ ላይ አትጠቁምም፤ ጥርግ አድርጎ መብላትን ነው የምትናገረው። «ድሪንክ አፕ» ደግሞ ጭልጥ ማድረግ ነው። ወደ ኢንፊኒቲቭ፣ ማለትም እንደ «መሄድ» ወዳለው የግስ ቅርጽ ስንሄድም ሁለቱ ቋንቋዎች ተመሳሳይ ጠባይ አላቸው። «ቁጭ ማለት» ስንል የሚለወጠው «አለ» ብቻ ነው፣ «ቁጭ» ንቅንቅ አትልም። «ቱ ሲት ዳውን»ም ላይ ሆነ «ሲቲንግ ዳውን» ላይ «ዳውን» እንዳለች ናት። «ኢንግ» የሚለጠፈው ግሱ ላይ ነው፤ ትንሿን ቃል አይነካትም።

ደግሞ «ፈረደለት» እና «ፈረደበት»ን አስቡ። ግሱ አንድ ነው። «ለት» እና «በት» ግን አንዱን ሰውዬ እያሳቁ ሌላውን ያስለቅሱታል። «መጣለት» እና «መጣበት»ም እንደዚሁ። ስለዚህ ትንሽ ቃል አንድን ትልቅ ግስ ልታዞረው እንደምትችል ለኛ ማንም ሊያስረዳን አይገባም።

የሚያደናቅፈን ሌላ ቦታ ነው። አማርኛ ግስን ስም ሲያደርግ «መ»ን ከፊት ያስገባል፦ መሄድ፣ መስማት፣ መተው። ከዚያ በፊቱ የፈለግነውን እናስቀምጣለን። ለመሄድ፣ በመሄድ፣ ከመሄድ፣ ስለመሄድ። «መሄድ» ራሱ አይለወጥም። እንግሊዝኛ ግን ለዚሁ ሥራ ሁለት ቅርጽ አለው፤ «ቱ ጎ» እና «ጎኢንግ»። ሁለቱም ለኛ «መሄድ» ናቸው። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ሲመጣ አማርኛችን ምንም ፍንጭ አይሰጠንም። «ለመስማት» የሚለው አንድ ቃል አንዴ «ቱ ሂር» ይሆናል፣ ሌላ ጊዜ «ቱ ሂሪንግ»።

በዚህ ላይ «ቱ» ሁለት መሆኗ አለ። ሁለቱ «ቱ»ዎች በዘር አንድ ናቸው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ቱ» ፕሪፖዚሽን ነበረች፤ ከግስ በወጣ ስም ፊት ትቆም ነበር፣ ልክ «ለ» ከ«መሄድ» ፊት እንደምትቆመው። የስሙ መጨረሻ በጊዜ ብዛት እየተሸራረፈ ሲጠፋ «ቱ» የኢንፊኒቲቭ ምልክት ሆና ቀረች። በሌላ ቦታ ግን ፕሪፖዚሽንነቷን እንደያዘች ቀጠለች። ዛሬ በመልክ አይለዩም፤ የሚለዩት በሚያስከትሉት ነገር ነው።

መለያው ቀላል ነው። ከ«ቱ» ቀጥሎ ያለውን ግስ አንሱና «ኢት»ን (መብላትን ሳይሆን «እሱ» የሚለውን) አስገቡ። «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ኢት» ያስኬዳል፤ «እሱን በጉጉት እጠብቃለሁ» ነው። እንግዲያው ይህች «ቱ» ፕሪፖዚሽን ናት። ፕሪፖዚሽን ስም ትፈልጋለች፣ ግስ ከመጣላትም «ኢንግ» ይዞ ስም ሆኖ መምጣት አለበት። «ሴት አውት ቱ» ደግሞ አንድ ነገር ለማድረግ መነሣት ነው፤ «አይ ሴት አውት ቱ ኢት» ብትሉ ግን ሰሚው ግራ ይጋባል። ያችኛዋ «ቱ» የኢንፊኒቲቭ ናት፣ ያለ ግስ መኖር አትችልም። አንድ አንባቢ «ስም ማስገባት ይሻላል» ሊለኝ ይችላል። ያም ይሠራል፤ «ኢት» አጭር ስለሆነ ነው የመረጥኩት።

«ሉክ ፎርዋርድ ቱ» ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ጉዳቱ ብዙ ነውና። የሥራ ማመልከቻ ይሁን ለደንበኛ የሚላክ ኢሜይል፣ መጨረሻው ላይ «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂሪንግ ፍሮም ዩ» የሚል ነገር አይጠፋም። ብዙ ሰው «ቱ ሂር» ብሎ ይጽፈዋል። ለምን? አንደኛ፣ ከላይ እንዳልነው አማርኛው ሁለቱን አይለይም። ሁለተኛ፣ ጎረቤቱ «አይ ሆፕ ቱ ሂር ፍሮም ዩ» ያሳስታል። ይሄኛው ትክክል ነው። «አይ ሆፕ ቱ ኢት» ስለማይባል «ቱ» የ«ሂር» ናት። ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች አንድ ቦታ ላይ ይጻፋሉ፣ አንድ ነገር ይላሉ፣ ሰዋስዋቸው ግን አይገናኝም። ቢሳሳቱት መልእክቱ መድረሱ አይቀርም፣ ማንም አይሞትም። ግን ማመልከቻ ላይ የመጨረሻዋ መስመር አንባቢው ዘንድ የምትቀረው መስመር ስለሆነች መጠንቀቁ አይከፋም።

ከ«ሉክ ፎርዋርድ ቱ» ወገን ሌሎችም አሉ። «ጌት አራውንድ ቱ» ሲታሰብ ቆይቶ ጊዜ የተገኘለትን ነገር ይመለከታል። «አይ ኔቨር ጎት አራውንድ ቱ ሪዲንግ ኢት» ማለት «ላነበው ላነበው እያልኩ ቀረሁ» ነው። «ኦውን አፕ ቱ» ጥፋትን ማመን ነው፤ «ሂ ኦውንድ አፕ ቱ ብሬኪንግ ዘ ዊንዶው» ሲባል መስኮቱን የሰበርኩት እኔ ነኝ ብሏል። «ፊል አፕ ቱ» ደግሞ አቅሙም ስሜቱም መኖሩን ይናገራል። «አይ ዶንት ፊል አፕ ቱ ጎኢንግ አውት» የሚል ሰው ለመውጣት ጉልበቱ የለኝም ማለቱ ነው። ሦስቱም ላይ «ኢት» ይገባል፣ ስለዚህ ሦስቱም «ኢንግ» ይፈልጋሉ። በሌላው ወገን «ተርን አውት ቱ ቢ» አለ፤ «ሆኖ ተገኘ» የምንለው። «ሴት አውት ቱ»ም ከዚያው ነው።

ከሁሉ በላይ ሰው የሚያምታታው ግን «ዩዝድ ቱ» ነው። ፍሬዛል ቨርብ ነው ብሎ መጥራት ይከብዳል፣ ጠባዩ ግን ከነዚሁ ጋር ያስቀምጠዋል። «አይ ዩዝድ ቱ ዌክ አፕ ኧርሊ» ማለት «ድሮ በጠዋት እነሳ ነበር» ነው። ዛሬ ቀርቷል። «አይ አም ዩዝድ ቱ ዌኪንግ አፕ ኧርሊ» ደግሞ «በጠዋት መነሳት ለምጃለሁ» ነው። ዛሬም ይነሳል፣ አይከብደውምም። «አይ አም ዩዝድ ቱ ኢት» ይባላል፤ ለምጄዋለሁ። «አይ ዩዝድ ቱ ኢት» አይባልም። እዚህ ቦታ እንኳ አማርኛ ያግዘናል፤ በሐሳባችሁ «ነበር» ካለ ተራ ግስ፣ «ለመደ» ካለ «ኢንግ»።

ከ«ቱ» ውጪ ያሉት ትንንሽ ቃላት ብዙም አያጣሉም። «ጊቭ አፕ ስሞኪንግ»፣ «ፑት ኦፍ ጎኢንግ»፣ «ኪፕ ኦን ቶኪንግ»፣ «ጌት አዌይ ዊዝ ቺቲንግ» ሁሉም «ኢንግ» ናቸው። አንድ የማነሳው «ኤንድ አፕ»ን ነው። ሳያስቡት መጨረሻ ላይ የሆነ ነገር ማድረግን ይገልጻል፤ «ዊ ኤንድድ አፕ ፔይንግ» ማለት «ዞሮ ዞሮ ከፋዮቹ እኛው ሆንን» ነው። «ኤንድድ አፕ ቱ ፔይ» የሚለው በየቦታው ይሰማል፣ ልክ ግን አይደለም። «አባውት» ደግሞ ሁለት ቦታ ትረግጣለች። «አይ አም ቲንኪንግ አባውት ሊቪንግ» ስለ መሄድ እያሰብኩ ነው። «አይ አም አባውት ቱ ሊቭ» ልሄድ ነው፣ እግሬ በር ላይ ነው።

አሁን ወደሚጣፍጠው ክፍል። አንዳንድ ፍሬዛል ቨርብ ሁለቱንም ይቀበላል፤ ትርጉሙ ግን ይዞራል። ዋናው «ጎ ኦን» ነው። «ሺ ዌንት ኦን ቶኪንግ አባውት ኸር ቻይልድሁድ» ሲባል ስለ ልጅነቷ እያወራች ነበር፣ ወሬዋን አላቋረጠችም። «ሺ ዌንት ኦን ቱ ቶክ አባውት ኸር ቻይልድሁድ» ከሆነ ግን ስለ ሌላ ነገር ስታወራ ቆይታ ነው ወደ ልጅነቷ የተሻገረችው። «ኢንግ» ያንኑ ነገር ያስቀጥላል፣ «ቱ» ወደ አዲስ ነገር ታሻግራለች። የሰዎች የሕይወት ታሪክ ውስጥ «ዌንት ኦን ቱ ቢካም» የሚበዛው ለዚህ ነው፤ ተማሪ የነበረው ቆይቶ ሐኪም ሆነ ለማለት።

«ሴት አውት» እና «ሴት አባውት»ም ይቀራረባሉ። «ሂ ሴት አውት ቱ ራይት ኤ ሂስትሪ» ሲባል ዓላማውን ነው የምንሰማው። ታሪክ ሊጽፍ ተነሣ፤ ይጻፈው አይጻፈው ገና አልታወቀም። «ሂ ሴት አባውት ራይቲንግ ኤ ሂስትሪ» ከሆነ ብዕሩን አንስቶ ሥራው ውስጥ ገብቷል። «ጌት አፕ ቱ» ላይ ደግሞ ቀልድ አለ። «ሺ ጎት አፕ ቱ ኦፕን ዘ ዶር» በሩን ልትከፍት ብድግ አለች ነው። «ዋት ዲድ ዩ ጌት አፕ ቱ?» ግን ስለ መነሳት የሚጠይቅ ጥያቄ አይደለም። «ምን ስታደርግ ዋልክ?» ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ «ምን ስታጠፋ ዋልክ?» የሚል ፈገግታ አለበት። በመጀመሪያው «ቱ» የ«ኦፕን» ናት። በሁለተኛው ከ«ጌት አፕ» ጋር ተጣብቃ የቀረች ፕሪፖዚሽን ናት።

ዜና የሚያነብ ሰው ሌላ ቅርጽ ያጋጥመዋል። «ኮልድ ኦን ዘ ፓርቲስ ቱ ቶክ»። ሁለቱ ወገኖች እንዲነጋገሩ ጠየቀ ማለት ነው። እዚህ «ኦን» የ«ኮል» ናት፣ «ቱ» የ«ቶክ» ናት፣ በመካከላቸው የሚነጋገሩት ሰዎች ገብተዋል። አማርኛ «እንዲ» በሚልበት ቦታ እንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ ይህን ቅርጽ ይመርጣል። «አይ አሬንጅድ ፎር ኸር ቱ ካም» እንድትመጣ አመቻቸሁ ነው። «ዌይት ፎር ሂም ቱ ፊኒሽ» እስኪጨርስ ጠብቅ። «አይ አም ካውንቲንግ ኦን ዩ ቱ ሄልፕ» እንደምትረዳኝ ተማምኛለሁ። አማርኛ ነገሩን ሁሉ በአንድ ግስ ላይ ይጭናል፤ እንግሊዝኛ ባለቤቱን ለብቻው አውጥቶ በፕሪፖዚሽኑና በ«ቱ» መካከል ያቆመዋል። ያ ሰው ከመካከል ከወጣ «ፎር» እና «ቱ» ተጎራብተው ይቀራሉ፤ መደበኛው እንግሊዝኛ ይህን አይወድም። «ኮልድ ፎር ቱ ቶክ» ሳይሆን «ኮልድ ፎር ቶክስ» ነው የሚባለው።

ኢንፊኒቲቭ ከስም ቀጥሎ ሲመጣ ደግሞ ፕሪፖዚሽኗ መጨረሻ ላይ ብቻዋን ትቀራለች። «ኤ ቼር ቱ ሲት ኦን» የምቀመጥበት ወንበር ነው። አማርኛ ተናጋሪ ይህችን የመጨረሻ ቃል ይረሳታል፤ «ኤ ቼር ቱ ሲት» ብሎ ያቆማል። የሚገርመው አማርኛም እንደዚሁ ማድረጉ ነው። «የምቀመጥበት» ውስጥ ያለችው «በት» ግሱ መጨረሻ ላይ የቀረች ትንሽ ቃል ናት። ልዩነቱ የኛዋ «በት» ሁሉን መሸከሟ ነው። የምጽፍበት እስክሪብቶ፣ የምጽፍበት ወረቀት፣ የምጽፍበት ርዕስ፣ የምጽፍበት ክፍል እንላለን። አራቱም ላይ «በት» ናት። እንግሊዝኛ ግን አራቱን በአራት ይለያል፤ እስክሪብቶው «ቱ ራይት ዊዝ»፣ ወረቀቱ «ቱ ራይት ኦን»፣ ርዕሱ «ቱ ራይት አባውት»፣ ክፍሉ «ቱ ራይት ኢን»። «ኦን»ን ለእስክሪብቶ ብትሉ እስክሪብቶው ላይ ልትሞነጫጭሩ ነው ማለት ነው። እኔ ብጠየቅ ለተማሪ ከአርባ ፍሬዛል ቨርብ ዝርዝር በፊት እነዚህን አራቱን እሰጣለሁ።

«ዓረፍተ ነገር በፕሪፖዚሽን አይጨረስም» የሚል ምክር የሰማ ይኖራል። ገጣሚው ጆን ድራይደን በ1672 የተውኔት ጸሐፊውን የቤን ጆንሰንን ስንኝ በዚህ ወቅሶ ነበር። ሮበርት ላውዝ ደግሞ በ1762 ባሳተመው ሰዋስው ላይ ነገሩን አነሳው፤ ለወግ ያለው ጽሑፍ ፕሪፖዚሽኗን ወደ ፊት ቢያመጣት ይሻላል አለ። አስቂኙ ነገር «ቋንቋችን ወደዚህ ልማድ ያዘነብላል» ያለበትን የእንግሊዝኛ ሐረግ ራሱ በ«ቱ» ነው የጨረሰው። ዛሬ ይህን እንደ ስሕተት የሚቆጥር ከባድ የሰዋስው መጽሐፍ ማግኘት ይቸግራል። ፍሬዛል ቨርብ ላይማ ምክሩ ጭራሽ አይሠራም። «ፑት አፕ ዊዝ» ማለት መታገስ ነው፤ «ዊዝ»ን ከወንድሞቿ ነጥላችሁ ወደ ፊት ብታመጧት ዓረፍተ ነገሩ ይበታተናል። «ናቲንግ ቱ ሉክ ፎርዋርድ ቱ» የሚለውን ተመልከቱ። ሁለት «ቱ» አለ። የመጀመሪያዋ የኢንፊኒቲቭ፣ የመጨረሻዋ የ«ሉክ ፎርዋርድ»። ሁለቱም የራሳቸው ሥራ አላቸው፣ አንዷም አትነሳም።

ስለ ተውላጠ ስም አንድ ነገር ብቻ። «ቱ ፒክ አፕ ዘ ቡክ»ም «ቱ ፒክ ዘ ቡክ አፕ»ም ያስኬዳል። መጽሐፉ «ኢት» ከሆነ ግን መካከል መግባት አለበት፤ «ቱ ፒክ ኢት አፕ»። «ሉክ አፍተር» (መንከባከብ) ላይ ይህ አይሆንም፣ «ሉክ ኢት አፍተር» አይባልም። «አፍተር» እውነተኛ ፕሪፖዚሽን ስለሆነች ስሟን ከኋላዋ ትፈልጋለች፣ የ«ፒክ አፕ»ዋ «አፕ» ግን ከግሱ ጋር ያበረች ቃል ናት።

አዲስ ፍሬዛል ቨርብ ደብተር ላይ የሚጽፍ ሰው ጭራውንም አብሮ ቢጽፍ ብዙ ድካም ይቀንሳል። ለተማሪ የሚዘጋጁ መዝገበ ቃላት ይህን ያደርጉታል፤ «ሴት አውት» ካሉ በኋላ «ቱ ዱ ሳምቲንግ»፣ «ጌት አራውንድ ቱ» ካሉ በኋላ «ዱኢንግ ሳምቲንግ» ብለው ያስቀምጣሉ። ያችን መስመር ዘሎ ወደ ትርጉሙ መሮጥ የሁላችንም ልማድ ነው።

በጽሑፍ ደግሞ «ኢን ቱ» እና «ኢንቱ» አሉ። ሲነገሩ ብዙ አይለዩም። «ሺ ዌንት ኢን ቱ ሲ ዘ ዶክተር» ላይ «ኢን» የ«ዌንት» ናት፣ «ቱ» የ«ሲ» ናት፤ ስለዚህ ተለያይተው ይጻፋሉ። «ሺ ዌንት ኢንቱ ዘ ሩም» ላይ ግን አንድ ፕሪፖዚሽን ናቸው፣ ይገጥማሉ። አንድ ወንጀለኛ እጁን ለፖሊስ ሲሰጥ «ሂ ተርንድ ሂምሰልፍ ኢን ቱ ዘ ፖሊስ» ይባላል። ጸሐፊው ሁለቱን ካገጣጠማቸው ሰውየው እጁን መስጠቱ ይቀርና ራሱ ፖሊስ ሆኖ ቁጭ ይላል።